የአር ሞዴልን ከፓይተን መጥራት፦ ችግርና መፍትሄ

አር (R) በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተሠራ ሞዴልን ከፓይተን ለመጥራት የተለመደው መንገድ አርፓይ2 (rpy2) የተባለው የፓይተን ላይብረሪ ነው። አርን ፓይተን በሚሠራበት በዚያው ፕሮሰስ ውስጥ ስለሚያስነሳ ፈጣን ነው፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ኢምፖርት ሲደረግ ወዲያው ከወደቀ፣ አርፓይ2 አርን አላገኘውም ወይም ያገኘው ሌላ አር ነው። ኮንዳ (የፓኬጅ ማስተዳደሪያ) ውስጥ አንድ፣ ሲስተሙ ላይ ደግሞ ሌላ አር የተጫነበት ማሽን ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው። የሚፈልጉትን አር ከፍተው አር.ሆም (R.home) የሚባለውን ፈንክሽን ይጥሩ፤ የሚያሳየውን ማውጫ ፓይተን ከመነሳቱ በፊት አር_ሆም (R_HOME) ለተባለው ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ይስጡ። አርን ከሶርስ ኮድ ኮምፓይል ካደረጉት ግን ሼርድ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጭኑት የአር ፋይል) እንዲወጣ ማዘዝ ነበረብዎት፤ ካላዘዙ ደግመው ከመሥራት ሌላ አማራጭ የለም።

የፓንዳስ (የፓይተን የዳታ ላይብረሪ) ዳታፍሬም፣ ማለትም ሠንጠረዥ፣ ወደ አር ሲላክ «ኮንቨርዥን የለም» የሚል ኤረር ከመጣ መቀየሪያው አልተከፈተም። ሎካልኮንቨርተር (localconverter) በተባለው የአርፓይ2 መሣሪያ ውስጥ ነባሩን መቀየሪያና የፓንዳሱን ደምሮ መጠቀም ይበቃል። በድሮ ምሳሌዎች ላይ የሚታየውን አክቲቬት (activate) የተባለ ጥሪ ይተዉት፤ ጊዜው አልፎበታል።

እስካሁን ያሉት ጮኸው የሚወድቁ ናቸው። የሚያስፈራው ቁጥር መልሶ ዝም የሚለው ነው።

ለምሳሌ የሎጂስቲክ ሞዴል ፕሮባቢሊቲ ይመልሳል ብለው ሲጠብቁ −1.386 መጣ። ሞዴሉ አልተበላሸም። በአር ውስጥ እንዲህ ያለው ሞዴል የሚሠራበት የጂኤልኤም (glm) ትንበያ ፈንክሽን ፕሬዲክት (predict)፣ ሌላ ካልተነገረው የሚመልሰው የኦድስን (የመሆን ዕድል ለአለመሆን ዕድል ሲካፈል) ሎጋሪዝም ነው፤ ይህ ቁጥር ወደ ፕሮባቢሊቲ ሲቀየር 0.2 ይሆናል። ታይፕ (type) የሚለውን አርጉመንት ሪስፖንስ (response) ያድርጉት። ቁጥሩ 0 እና 1 መካከል ከወደቀ ስህተቱን በዓይን መለየት ስለማይቻል፣ ሁልጊዜ በግልጽ ይጻፉት።

ሌላው የምድብ ኮድ ነው። የፓንዳስ ካቴጎሪ ኮድ ከ0 ሲጀምር የአር ፋክተር (የምድብ ዓይነት ዳታ) ከ1 ይጀምራል። ሞዴሉ 1፣ 2፣ 3 አይቶ ሠልጥኖ ፓይተን 0፣ 1፣ 2 ቢልክለት ሁሉም ትንበያ አንድ ደረጃ ይንሸራተታል፤ ማስጠንቀቂያም የለም። ፓንዳስ የጎደለውን ዋጋ −1 ብሎ ስለሚጽፈው እሱም እንደ ተራ ቁጥር ይገባል። መፍትሄው ኮድ አለመላክ ነው፦ ስሙን በጽሑፍ ይላኩ፣ ፋክተር ማድረጉን ለአር ይተዉ።

ቁጥርና ጽሑፍ የተደባለቀበት ዓምድ ደግሞ ወደ ጽሑፍ ሊወርድ ይችላል። ያኔ ሪግሬሽኑ እያንዳንዱን ዋጋ እንደ ምድብ ይቆጥርና አሥር ሳይሆን መቶ ኮኤፊሸንት ያወጣል። ከመላክዎ በፊት የዓምዶቹን ዓይነት፣ ከላኩ በኋላ ደግሞ አር ውስጥ ኤስቲአር (str) የሚለውን ፈንክሽን ጠርተው ይመልከቱ።

ለብቻ ሲሞከር የሚሠራው ዌብ ሰርቨር ላይ «ሲ ስታክ» (ጊዜያዊ የሚሞሪ ቦታ) ሊሞላ ተቃርቧል ብሎ ከሞተ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የትሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ነው። አር በአንድ ትሬድ ብቻ እንዲሠራ የተጻፈ ነው። ጥሪዎቹን ሁሉ ለአንድ የተለየ ፕሮሰስ ያስተላልፉ፤ ጥያቄ የሚበዛበት ከሆነ ደግሞ ሞዴሉን ፕለምበር (plumber) በተባለው የአር ፓኬጅ የራሱ ኤችቲቲፒ አገልግሎት አድርጎ መለየት ይሻላል። ያኔ አር ቢወድቅ ፓይተኑን ይዞ አይወድቅም።

የሞዴሉ ሰመሪ (ማጠቃለያ) ሲታተም ዳታው በሙሉ ስክሪኑን ካጥለቀለቀው አይደንግጡ። ዳታው በስም ሳይሆን በዋጋ (ራሱ ይዘቱ) ስለተላለፈ ሞዴሉ በጥሪው ላይ መዝግቦታል። ዳታፍሬሙን በአር ግሎባል ኢንቫይሮመንት ውስጥ ስም ሰጥተው ኤልኤምን (lm፣ የሊኒየር ሪግሬሽን ፈንክሽን) በዚያ ስም ይጥሩት።