ለጎጆ ወጪ ምን እንግዛ? የቢላና ሌሎች የሚያገለግሉ ስጦታዎች አመራረጥ

ጥምቀት አልፎ ሁዳዴ እስኪገባ ባለው ጊዜ ጎንደር ውስጥ የሰርግ ጥሪ ይደራረባል። የሙሽሮቹ ቤት በስጦታ ይሞላል። ብርጭቆ፣ አሁንም ብርጭቆ፣ ብርድ ልብስ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ሦስት አራት ፔርሙዝ። ሰርጉ አልፎ ኑሮ ሲጀመር ግን ሽንኩርት የሚከትፉበት ደህና ቢላ የላቸውም። እኔ ለጎጆ ወጪ ቢላ መስጠት ከጀመርኩ ቆየሁ። ሰው ከዓመታት በኋላ እንኳ «ያ ቢላ አሁንም አለ» የሚለኝ በዚህ ስጦታ ነው። አመራረጡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ወጥ ቤቱን እዩ

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ቢላውን ማን እንደሚይዘው እወቁ። ብዙ እናቶቻችን ሽንኩርት የሚከትፉት እጃቸው ላይ ነው። በግራ መዳፋቸው ይዘው በቁመትና በወርድ ይሸነትሩታል፤ ከዚያ ከላይ እየቀነሱ ድስቱ ውስጥ ያወርዱታል። እንዲህ ለምትከትፍ ሴት 20 ሳንቲሜትር የሆነ ሰፊ ቢላ ብትሰጡ ያስፈራታል እንጂ አያገለግላትም። ለእሷ ከ9 እስከ 12 ሳንቲሜትር ያለው፣ ቀለል ያለ፣ ጫፉ ሹል ቢላ ነው የሚሆነው። መክተፊያ ላይ ለለመደ ደግሞ ከ18 እስከ 20 ሳንቲሜትር ያለው ጥሩ ነው።

ዶሮ በደንብ የሚሠራበት ቤት ከሆነ 15 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ቢላ አስቡ። ዶሮ 12 ብልት የሚወጣው አጥንት በመስበር አይደለም፤ መገጣጠሚያውን ፈልጎ በማለያየት ነው። መላላጫውን ወደ ኋላ ስትለምጡት መገጣጠሚያው ብቅ ይላል። ቀጭን ቢላ እዚያች ክፍተት ውስጥ ሳይታገል ይገባል። ወፍራም ቢላ አጥንቱን ይፈረካክሰዋል፣ ስብርባሪው ወጡ ውስጥ ይቀራል።

አጥባቂ ጿሚ ቤት ከሆነ አንድ ውድ ቢላ ከምትገዙ እጀታቸው ቀለሙ የተለያየ ሁለት መካከለኛ ቢላ ግዙ። አንዱ ለጾም፣ አንዱ ለፍስክ። የጾም ድስት ለብቻው የሚያስቀምጡ ሰዎች ይህን ስጦታ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

የሚጎድለውን ለማወቅ የሙሽራዋን እናት አትጠይቁ። «ኧረ ምን አስቸገራችሁ፣ መምጣታችሁ ይበቃል» ነው የምትለው። እህቷን ወይም ሚዜዋን ጠይቁ። ስለት ያለው ነገር በስጦታ መቀበል ደስ የማይላቸው ሰዎችም ስላሉ ያንንም በዚያው አጣሩ።

ሱቅ ውስጥ

በሚያምር ካርቶን የታሸገውን ባለ ስድስት ቢላ ስብስብ እለፉት። ከስድስቱ የሚሠራባቸው ሁለቱ ናቸው፤ ለሌሎቹ የከፈላችሁት ለካርቶኑ ነው። በዚያው ብር አንድ ጥሩ ቢላ ይገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስም አትመኑ። የጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ በቢላ ሥራ የታወቀች ናት፤ ስሟ በሀገሪቱ ሕግ የተጠበቀ ነው። ግን አስመሳይ ሠሪ ስሟን ቢላ ላይ ከማተም አይመለስም። ቪክቶሪኖክስም እንዲሁ፣ ከ1884 ጀምሮ ያለ የስዊዘርላንድ ፋብሪካ ነው፣ አስመሳዩም አያጣም። ስለዚህ በዓይንና በእጅ መመርመር ይሻላል።

ትንሽ ማግኔት ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ለስለት የሚሆን ብረት ሙቀት ተሰጥቶት የጠነከረ መሆን አለበት፤ እንዲህ የሚጠነክረው ስቴንለስ ደግሞ ማግኔት ይስበዋል። ማግኔቱ ጭራሽ ካልያዘ ብረቱ ለማንኪያና ለሰሃን የሚሆነው ዓይነት ነው። ተስሎ አይበረክትም። ማግኔት ያዘው ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ካልያዘው ግን መልሱት።

ቀጥሎ ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ብርሃን ላይ ያዙት። ጥሩ ስለት ምንም አያንጸባርቅም። የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካያችሁ እዚያ ቦታ ላይ ደንዟል ወይም ተሸርፏል። ከዚያ ከጀርባው በኩል እዩት፤ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት።

እጀታው ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ብዙ ቢላ የሚሞተው እዚህ ነው። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ድረስ ቢደርስና በሪቬት (በብረት ችንካር) ቢያዝ ጥሩ ነው። እንጨቱና ብረቱ የሚገናኙበትን ቦታ በጥፍራችሁ ሂዱበት። ጥፍር የሚይዝ ክፍተት ካለ ውሃና የሽንኩርት ጭማቂ ይገባበታል፤ እንጨቱ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ እጀታው ይላቀቃል። ሽንኩርት በኪሎ ሲከተፍ እጅ ስለሚርስ የሚያንሸራትት ለስላሳ ፕላስቲክ አልወድም።

ቅዳሜ ገበያ ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ቢላ ካገኛችሁ አትናቁት። የባሌስትራ ብረት ካርቦኑ ስለሚበዛ ስለት አጥብቆ ይይዛል። ችግሩ ይዝጋል። ታጥቦ ወዲያው መድረቅና አልፎ አልፎ ዘይት መቀባት አለበት። ይህን ለማታደርግ ሙሽራ ስቴንለስ ይሻላል።

መሳያ ሳይጨምሩ ቢላ አለመስጠት

በዚህ ላይ አልደራደርም። የትኛውም ቢላ ይደነዝዛል። የደነዘ ቢላ ሽንኩርቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል፤ ዓይን የሚያቃጥለው ነገርም ያኔ አብዝቶ ይወጣል። ለአንድ የዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚከተፍ ለምታውቁ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እጅ የሚቆርጠውም የደነዘው ነው፤ ስትጫኑት ያመልጣል።

ስለዚህ ባለ ሁለት ገጽ መሳያ ድንጋይ ጨምሩበት። የድንጋዩ የልስላሴ ቁጥር (ግሪት) 1000 የሆነው ገጽ ለተራ ወጥ ቤት ይበቃል፤ ሌላው ገጽ ለማለስለስ ነው። አሳሳሉን ራሳችሁ ብታሳዩአቸው ደግሞ ግሩም ነው። ድንጋዩን ውሃ አጠጡት። ቢላውን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ከዚያ ግማሽ አዘንብሉት፣ የቀረውን እንደገና በግማሽ። ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል፤ ለተራ የወጥ ቤት ቢላ የሚሆነው ማዘንበል ይህ ነው። ሳትለዋውጡት ከተረከዙ እስከ ጫፉ ሳቡት። ትንሽ ቆይታችሁ በተቃራኒው ገጽ በኩል፣ ከጀርባው ወደ ስለቱ በጣት ስትዳስሱ የምትቆረቁር ቀጭን ጠርዝ ይሰማችኋል። ይህ ከተረከዙ እስከ ጫፉ ሲሰማ ብቻ ገልብጡትና ሌላውን ጎን ሳሉ። ጠርዙ ሳይሰማ መገልበጥ ነው ሰውን «ድንጋዩ አይሠራም» የሚያሰኘው።

ሥጋ ቤቶች የሚያፋጩበት የብረት ዘንግ ሌላ ነው። የታጠፈ ስለት ያቃናል እንጂ የደነዘ አይስልም። በሚሽከረከር ድንጋይ ለሚስሉ ሰዎች ስትሰጡም ቆማችሁ እዩ። ብረቱ ግሎ ወደ ሰማያዊ ከተቀየረ እዚያ ቦታ ላይ ጥንካሬው ጠፍቷል። ለችግር ጊዜ የሸክላ ስኒ ተገልብጦ ያልተወለወለው የታች ቀለበቱ ይስላል።

መክተፊያም ከተጨመረ የእንጨት ይሁን። ዋንዛ ደስ ይላል፤ አናጺ በቀላሉ ይቆርጥላችኋል። የመስታወት መክተፊያ ስለት ይገድላል።

ቢላ የማይሆን ከሆነ

ጎንደር አጠገብ ወዳለችው የሸክላ ሠሪዎች መንደር ወለቃ ወርዳችሁ ምጣድ ወይም ጀበና ግዙ። በጣት አንጓ አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ካወጣ የተሰነጠቀ ቦታ አለው። ምጣድ ስትሰጡ ከቻላችሁ አሟሽታችሁ ስጡ፤ ካልቻላችሁ ጎመን ዘር ቋጥራችሁ ጨምሩበት። አዲስ ሙሽራ እንጀራዋ እየተያዘ ስትበሳጭ ማየት ያሳዝናል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ያማረ ስጦታ ይመስላል። ግን ከ3000 ዋት በላይ ይስባል። ተከራይተው በጋራ ቆጣሪ የሚኖሩ ከሆነ አከራዩ ላይፈቅድ ይችላል፤ የቤቱ ሽቦም ላይችለው ይችላል። ሳትጠይቁ አትግዙ።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽምብራና የበሬ ሥጋ ከሰል የሚጨርሱት ለዚህ ነው። ፕሬዠር ኩከር ይህን ያሳጥራል። ስትገዙ የክዳኑን ጎማ መለዋወጫ ባለሱቁ እንዳለው ጠይቁ፤ አንድ ትርፍ ጎማ አብራችሁ ግዙ። ጥራጥሬ ሲቀቀልበት ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ ንገሯቸው፣ አረፋው ማስተንፈሻውን ይደፍነዋል።

ውሃ በተራ ለሚደርሳቸው ሰፈሮች ደግሞ ቧንቧ ያለው ባልዲና ጥሩ ክዳን ያለው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማንም አይመልስም።

አሰጣጡ

የቢላውን ስለት በወፍራም ካርቶን ጠቅልላችሁ በፕላስተር እሰሩ፤ ከዚያ ነው የስጦታው ወረቀት። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ይዛችሁ በአውሮፕላን የምትመጡ ከሆነ ቢላው ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ይግባ። በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ፍተሻ ላይ ይቀራል። ድንጋዩን ከቢላው ለይታችሁ በልብስ ጠቅልሉት፤ ወድቆ ከተሰበረ አይጠገንም።