የጠፉ የፋኖስ ዓሣ ዝርያዎችን ከጆሮ ድንጋያቸው መለየት

ፋኖስ ዓሣዎች በጎናቸውና በሆዳቸው ብርሃን ሰጪ ብልቶች የተደረደሩባቸው፣ ቀኑን በጥልቅ ባሕር አሳልፈው ሌሊት ወደ ላይኛው ውኃ የሚወጡ ትናንሽ ዓሣዎች ናቸው። ዛሬ በሕይወት ያሉት 250 ያህል ዝርያዎች ሲሆኑ፣ የጠፉትን የምናውቃቸው በአብዛኛው ከአጽማቸው ሳይሆን ኦቶሊት ከሚባለው የጆሮ ድንጋያቸው ነው። እያንዳንዱ ዓሣ ሦስት ጥንድ ኦቶሊት አለው፤ ለመለየት የሚያገለግለው ትልቁ፣ ማለትም ሳጂታ ነው።

በመጀመሪያ የባሕር ደለሉን በደንብ አድርቁት፣ በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፉት፣ ከዚያም ቀዳዳው ከ0.5 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ወንፊት እጠቡት። ኦቶሊት አራጎናይት ከተባለ የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት የተሠራ ስለሆነ ኮምጣጤም ሆነ ሌላ አሲድ ፈጽሞ አይንካው። ለመልቀም ወረንጦ አልመክርም፤ ጫፉ በውኃ የረጠበ ቀጭን ብሩሽ ድንጋዩን ሳይሰብር ያነሣዋል።

ቀጥሎ ድንጋዩን በማይክሮስኮፕ ሥር ቦይ ያለበትን ውስጠኛ ገጹን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ መብራቱም ከጎን ዝቅ ብሎ ይምጣ፤ ከላይ የሚወርድ ብርሃን የቦዩን ጠርዝ ያጠፋዋልና። የቦዩ የፊት ክፍል ኦስቲየም፣ የኋላው ካውዳ ይባላል። በፋኖስ ዓሣዎች ኦስቲየሙ ብዙውን ጊዜ ከካውዳው ይረዝማል፤ ከካውዳው ሥር ደግሞ ጠባብ ጉብታ ይታያል። ይህ ጉብታ ቤተሰቡን ለመለየት ከሁሉ የበለጠ የምተማመንበት ምልክት ነው፤ የታችኛው ጠርዝ የትኛው እንደሆነም ያሳያል። የድንጋዩ የላይ ጠርዝ ወደ ላይ ሆኖ ኦስቲየሙ በግራችሁ ከዋለ፣ የያዛችሁት የቀኝ ጆሮ ድንጋይ ነው።

ጂነሱን፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚመደቡበትን ወገን፣ ለመገመት የታችኛውን ጠርዝ ተመልከቱ። በዳያፈስ ጂነስ ጥርስ መሰል ሾሎች በተርታ ይታያሉ፤ የሃይጎፈም ጠርዝ ግን ለስላሳ፣ ቅርጹም ወደ ክብነት ያዘነበለ ነው። ይሁን እንጂ ሾሎቹ ቀድመው የሚሸረሸሩ በመሆናቸው አለመኖራቸው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ከባዱ ሥራ ዝርያውን መለየት ነው። በአንድ ወቅት ከአንድ የሸክላ ንጣፍ ከለቀምኳቸው ድንጋዮች መካከል ክብ የሆኑትን ጥቃቅኖች በአንድ ስም፣ ሞላላ የሆኑትን ትላልቆች በሌላ ስም መዝግቤ ነበር። ከዚያው ንጣፍ ሁለተኛ ናሙና ሳጥብ ግን መካከለኛ መጠን ያላቸው ወጡ፤ ሁሉንም ጎን ለጎን ስደረድራቸው ቅርጹ ከክብ ወደ ሞላላ በጥቂት በጥቂቱ ተለወጠ። ሁለት ዝርያ ያልኳቸው የአንድ ዝርያ ግልገሎችና ጎልማሶች ነበሩ፤ የብዙ ወራት መዝገቤንም እንደ አዲስ መሥራት ግድ ሆነብኝ።

ስለዚህ ስም ከመስጠታችሁ በፊት ድንጋዮቹን ከትንሹ እስከ ትልቁ ደርድሩ፤ የእያንዳንዱን ርዝመት፣ ቁመትና ውፍረት፣ የኦስቲየሙንና የካውዳውንም ርዝመት ለኩ። ርዝመትን ለቁመት፣ ኦስቲየምን ለካውዳ አካፍላችሁ የምታገኙትን ጥምርታ ከድንጋዩ መጠን ጋር በሥዕላዊ መግለጫ አስቀምጡት። ነጥቦቹ ሳይቋረጡ ከተያያዙ፣ ልዩነቱ የዕድገት ሊሆን እንደሚችል አስቡ፤ በተመሳሳይ መጠን ላይ ሁለት የተለያዩ ስብስቦች ከታዩ ግን ሁለት ዝርያ የመሆናቸው ዕድል ከፍ ይላል። የብዙ ዝርያዎች ግልገል ድንጋዮች እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆኑትን ለምሳሌ «ዳያፈስ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መመዝገብ ተገቢ ነው።

ጎልማሶቹንና ያልተሸረሸሩትን ብቻ መርጣችሁ በሕይወት ካሉ የቅርብ ዘመዶቻቸው ድንጋዮችና በተመሳሳይ ዘመን ንጣፎች ከተገለጹ ዝርያዎች ጋር አነጻጽሩ። ቀደም ባለው ዘመን የተሰጡ አንዳንድ ስሞች በግልገል ወይም በተሸረሸረ ድንጋይ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ፣ ከሥዕሉ ይልቅ ስሙ የተሰጠበትን ዋናውን ናሙና ማየት ይሻላል። ከየትኛውም ዝርያ ጋር የማይገጥም ቅርጽ ብታገኙም፣ አዲስ ስም ለመስጠት ጠርዙና ቦዩ ሙሉ የሆነ ጎልማሳ ድንጋይና የዕድገቱን ሂደት የሚያሳዩ ሌሎች ናሙናዎች እስኪሟሉ ድረስ የተገኘበትን ቦታና ንጣፍ ጽፋችሁ ለብቻው አስቀምጡት።