ኤጀንቱ የድርጅቱን ስም አልናገርም ሲላችሁ

በኮንትራት የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ ፕሮግራመርም ሁኑ ኢንጂነር ወይ የሒሳብ ሰው፣ አንድ ነገር ያዙልኝ። የሚያስቀጥራችሁ ኤጀንት የድርጅቱን ስም በጽሑፍ ሳይነግራችሁ ሲቪያችሁን ወደ ማንም እንዳይልክ። ከዚያ በፊት ስሙን ለጊዜው ቢይዘው ችግር የለውም፣ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሲቪው ሊላክ ሲል ግን የሚደበቅ ነገር መኖር የለበትም።

ብዙ ሰው ስም ሲከለከል ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ተናዶ ስልኩን ይዘጋል፣ ወይ ደግሞ ሥራው እንዳያመልጠው ፈርቶ "እሺ ይሁን" ብሎ ሲቪውን ይልካል። በመጀመሪያው ጥሩ ሥራ ያመልጣል። በሁለተኛው ሲቪያችሁ የት እንደደረሰ የማታውቁበት ነገር ውስጥ ትገባላችሁ። ከሁለቱ የሚሻል መንገድ አለ፣ ግን መጀመሪያ ለምን እንደሚደብቁ መረዳት ያስፈልጋል።

ለምን ይደብቃሉ?

ኤጀንት እንጀራው ማገናኘት ነው። ስሙን ነግሯችሁ እናንተ በቀጥታ ድርጅቱ ጋ ብትሄዱ ልፋቱ ሜዳ ላይ ይቀራል። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም፣ እንዲህ የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ። ከዚህ በላይ የሚፈራው ደግሞ ሌላውን ኤጀንት ነው። አንድ ድርጅት ያንኑ ክፍት ቦታ ለብዙ ኤጀንሲ በአንዴ ሊሰጥ ይችላል፣ ገንዘቡን የሚያገኘው ደግሞ የተቀጠረውን ሰው ያቀረበው ብቻ ነው። ስለዚህ ስሙ በእናንተ በኩል ሾልኮ ተፎካካሪው ጆሮ እንዳይገባ ይጠነቀቃል። አንዳንዴም ዝም በሉ የሚለው ድርጅቱ ራሱ ነው፤ ቦታው ላይ ያለውን ሰው ለመቀየር አስቦ ይሆናል፣ ወይም ገና ያልተነገረ ሥራ ጀምሮ ይሆናል።

እነዚህ ይገባሉ። የማይገቡም አሉ።

ሥራው ጭራሽ ላይኖር ይችላል፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ኤጀንቱ ሲቪ እየሰበሰበ ነው፣ ወይም ድርጅቶች ጋ ቀርቦ "እንዲህ ያለ ባለሙያ በእጄ ነው" ለማለት የእናንተን ታሪክ ይፈልገዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ኤጀንቱ ራሱ ድርጅቱን አያውቀውም። ሥራውን የሰማው ከሌላ ኤጀንሲ ነው፣ ያኛውም ከሌላ። በመሀል የገባው እጅ በበዛ ቁጥር እናንተ ጋ የሚደርሰው ክፍያ እየሳሳ፣ የሚደርስበትም ቀን እየራቀ ይሄዳል።

ከድርጅቱ የሚቀበለውንና ለእናንተ የሚሰጠውን ልዩነት ለመሸፈን የሚደብቅም አለ። እዚህ ላይ ስለ መቶኛ አንድ ነገር ልበል። ድርጅቱ በቀን 100 ከፍሎ እናንተ 80 የምታገኙ ከሆነ፣ ኤጀንቱ "የምወስደው 20 በመቶ ነው" ይላችኋል። ውሸት አይደለም፣ ድርጅቱ ከከፈለው ላይ ሲሰላ 20 በመቶ ነው። በእናንተ ክፍያ ላይ የተጨመረው ተብሎ ሲሰላ ግን 25 በመቶ ነው። ስለዚህ መቶኛ ሲጠራላችሁ "ከየትኛው ላይ ተሰልቶ?" በሉ። በበኩሌ የኤጀንቱ ድርሻ ላይ ብዙ አልጣላም። የእኔ ክፍያ ለሥራው የሚመጥን ከሆነ ይበቃኛል። የድርጅቱ ስም ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አጠያየቁ

"ድርጅቱ ማነው?" ብላችሁ ብቻ ከጠየቃችሁ ኤጀንቱ የሚሰማው "ልዘልህ ነው" የሚል ነው። ምክንያቱን አብራችሁ ንገሩት፣ ያውም ለእሱም የሚጠቅመውን። ለምሳሌ እንዲህ፦ "ከሌሎች ኤጀንሲዎች ጋርም እነጋገራለሁ፣ አንድ ድርጅት ጋ ሁለት ጊዜ ብላክ እኔም እናንተም ነን የምንጎዳው። ሲቪዬን ከመላካችሁ በፊት ስሙን በኢሜይል አሳውቁኝ።" ሌላም እውነተኛ ምክንያት አላችሁ። ከዚህ በፊት የፈረማችሁት ውል ለተፎካካሪ እንዳትሠሩ ይከለክል ይሆናል፣ ድርጅቱን ሳታውቁ ደግሞ ይህን ማጣራት አይቻልም።

አሁን በጣም የምትጠነቀቁበት ቦታ ጋ ደረስን። ጎበዝ ኤጀንት ጥያቄውን ገልብጦ ይመልስላችኋል፦ "እንዳንጋጭ የት የት እንደተላክህ አንተ ንገረኝ።" ሲሰሙት ምክንያታዊ ይመስላል። ግን እናንተ የምትዘረዝሩት እያንዳንዱ ስም በአሁኑ ሰዓት ሰው እየፈለገ ያለ ድርጅት ነው፣ ኤጀንቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያድነው ይህንኑ ነው። ስልኩን እንደዘጋችሁ እነዚያ ድርጅቶች ጋ ደውሎ የራሱን ሰዎች ሊያቀርብ ይችላል፣ እናንተም ለራሳችሁ ተወዳዳሪ ጠራችሁ ማለት ነው። መልሱ አጭር ይሁን፦ "እናንተ ስሙን ጥሩት፣ እዚያ ተልኬ ከሆነ አዎ ወይም አይ እላለሁ።" ቃለ መጠይቅ ስላደረጋችሁበት ቦታ በጨዋታ መሀል ሲጠይቃችሁም መልሱ ያው ነው።

አሁንም ስሙን ካልነገራችሁ አትጣሉ፣ ሥራው መኖሩን በሌላ ጥያቄ ፈትኑት። ቃለ መጠይቁ መቼ ነው? የሚጠይቀኝ ሰው ሥራ ድርሻው ምንድን ነው? ቦታው ለምን ተከፈተ? ክፍያውን ያጸደቀው ማነው? ከድርጅቱ ጋር በቀጥታ ነው የምትሠሩት ወይስ በመሀል ሌላ ኤጀንሲ አለ? እውነተኛ ሥራ የያዘ ሰው ለአብዛኛው ወዲያው ይመልሳል፣ ያላወቀውንም "ጠይቄ እነግርሃለሁ" ብሎ ተመልሶ ይደውላል። ዳር ዳር እያለ "በጣም አስቸኳይ ነው፣ ብቻ ሲቪውን ላክ" የሚለውን ተጠንቀቁት። ሥራው አስቸኳይ ከሆነ ቀኑ ተቆርጧል ማለት ነው፣ ቀኑ ከተቆረጠ ደግሞ ስሙን መናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

መሀል ላይ የሚያስማማ መንገድም አለ። ስማችሁ፣ ስልካችሁና የሠራችሁባቸው ድርጅቶች የሌሉበት የአንድ ገጽ መግለጫ አዘጋጁ። ምን እንደምትችሉ፣ ስንት ዓመት እንደሠራችሁ፣ መቼ መጀመር እንደምትችሉ ብቻ ይኑርበት። "ይህን አሳይላቸው፣ ፍላጎት ካላቸው ስማቸውን ነግረኸኝ ሙሉ ሲቪውን እልካለሁ" በሉት። ድርጅቱ ምስጢር እንዲጠበቅለት ፈልጎ ከሆነም፣ ለማንም አልናገርም የሚል አጭር ስምምነት ለመፈረም ዝግጁ መሆናችሁን ንገሩት። ይህን ሁሉ ሰምቶም እንቢ ካለ ከእናንተ ተርፎ የሚደረግ ነገር የለም፣ አመስግናችሁ ተዉት።

ራሳችሁ ማጣራት

ብዙ ማስታወቂያ ከድርጅቱ ገጽ ላይ ተገልብጦ ስሙ ብቻ የወጣ ነው። ከማስታወቂያው ውስጥ ለየት ያለ ዓረፍተ ነገር ቀድታችሁ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ጎግል ላይ ፈልጉ። ካልተገኘ ከተማውን፣ የሥራ ዘርፉንና ያልተለመደውን የሶፍትዌር ወይም የመሣሪያ ስም አንድ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። ሊንክድኢን ላይ ያንኑ መሣሪያ በዚያ ከተማ የሚጠቀሙትን ሰዎች የሥራ ታሪክ ማየትም ይረዳል።

ስሙን ካገኛችሁ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ? የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ጥቆማው የመጣው ከኤጀንቱ ከሆነ እሱን ዘላችሁ አትሂዱ። ሰውየው ሠርቶበታል፣ ወሬውም ቶሎ ይዞራል። ያገኛችሁትን ስም ከመዝገባችሁ ጋር ለማመሳከርና ለቃለ መጠይቅ ለመዘጋጀት ተጠቀሙበት። ኤጀንቱ ከመደወሉ በፊት በራሳችሁ ያመለከታችሁበት ቦታ ሆኖ ከተገኘ ግን ቀኑን ጠቅሳችሁ ወዲያው ንገሩት፣ ያ የእናንተ ነው።

መዝገብ ስል የተለየ ነገር አይደለም። ኤጀንሲ፣ ድርጅት፣ የሥራው ቦታ፣ የተስማማችሁበት ክፍያ፣ የተላከበት ቀን። አንድ ኤክሴል ይበቃል። በቃላችሁ እይዘዋለሁ ካላችሁ በሦስተኛው ሳምንት ይምታታባችኋል።

ፈቃዱን በጽሑፍ

ስሙ ከተነገራችሁ በኋላ ይህን የመሰለ ኢሜይል ላኩ፦ "ለእገሌ ድርጅት፣ ለእገሌ የሥራ ቦታ፣ በቀን ይህን ያህል ክፍያ እንድታቀርቡኝ ፈቅጃለሁ። ፈቃዱ ለዚህ ቦታ ብቻ ሲሆን ለ30 ቀን ይጸናል። ለሌላ ድርጅት ወይም ለሌላ ኤጀንሲ ሲቪዬን ከማስተላለፋችሁ በፊት በድጋሚ ጠይቁኝ።" ኤጀንሲው የራሱን ቅጽ ልኮ ፈርሙ ካለ የድርጅቱ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ እንዳይሆን፣ "ለማንኛውም ደንበኛችን" የሚል ሐረግም እንዳይኖርበት ተመልከቱ። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ፈርሞ መስጠት ማለት ያንን ኤጀንሲ የሁሉም በር ጠባቂ ማድረግ ነው።

ይህን ያህል የምጨነቀው ድርብ አቀራረብ የሚያመጣውን ስለማውቅ ነው። ሁለት ኤጀንሲ አንድን ሰው አንድ ድርጅት ጋ ሲያቀርቡ ክፍያው ለማን እንደሆነ ክርክር ይነሳል። ድርጅቱ ክርክር ውስጥ መግባት አይፈልግም፣ ቀላሉ መንገድ ሰውየውን መተው ነው። እናንተ ምንም ሳታጠፉ ከውድድሩ ትወጣላችሁ፣ ለምን እንደወጣችሁም ላይነገራችሁ ይችላል። ከደረሰባችሁ ዝም አትበሉ። የፈቃድ ኢሜይሉን ከነቀኑ አያይዛችሁ ለሁለቱም ኤጀንሲዎች በአንድ ቀን ጻፉ፣ የፈቀዳችሁት ለማን እንደሆነ በአንድ መስመር ተናገሩ። ቶሎ ከሆነ ሊስተካከል ይችላል።

የቀድሞ አለቆቻችሁን ስምና ስልክ ከቃለ መጠይቅ በፊት አትስጡ። ለኤጀንት እነዚህ ሰዎች ሠራተኛ የሚቀጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ስለ እናንተ ሳይጠይቅ የራሱን አገልግሎት ሊሸጥላቸው ይችላል። "ድርጅቱ ሊቀጥረኝ ሲወስን እሰጣለሁ" በሉ። መታወቂያና የባንክ ሒሳብ ቁጥርም ከውል በፊት አያስፈልግም። ሥራ ፈላጊው ለኤጀንሲው እንዲከፍል የሚጠየቅ ከሆነ ደግሞ ነገሩ እዚያው ላይ ይቁም፤ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ቁጥር 181 ስምምነት የግል አስቀጣሪ ኤጀንሲዎች በመርህ ደረጃ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይወስዱ ይከለክላል።

የየአገሩ ሕግ ይለያያል፣ የምትሠሩበትን አገር ሕግ ማየት ግን ይጠቅማል። በብሪታንያ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. የ2003ቱ የኤጀንሲዎች ደንብ ኤጀንሲው ሥራ ሲያቀርብ የቀጣሪውን ማንነት ለሥራ ፈላጊው እንዲያሳውቅ ያዛል። በራሱ ኩባንያ በኩል የሚሠራ ሰው ግን ከደንቡ ለመውጣት መፈረም ስለሚችል፣ "ይህችን ብቻ ፈርም" የተባለ ወረቀት ሳይነበብ አይፈረም። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የመረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ኤጀንሲው ስለ እናንተ የያዘውን መረጃና ለማን እንዳስተላለፈው ጠይቃችሁ በመርህ ደረጃ በአንድ ወር ውስጥ መልስ እንድታገኙ መብት ይሰጣል። ሲቪያችሁ ያለ ፈቃድ ተልኳል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ውሉ ሲመጣ

ሥራውን አገኛችሁ እንበል። ስሙን ካወቃችሁ በኋላም የምትፈትሹት ነገር አለ። ብዙ ውል ሥራው ካለቀ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት፣ ከድርጅቱ ጋር በቀጥታ እንዳትሠሩ ይከለክላል። ይህ በራሱ ተገቢ ነው። ችግር የሚመጣው "ከኤጀንሲው ደንበኞች ከማንኛቸውም ጋር" ሲል ነው። የኤጀንሲውን ደንበኞች ዝርዝር አታውቁትም፣ ሊያሳያችሁም አይፈልግም፣ እናንተ ግን በማታውቁት ዝርዝር ታስራችሁ ትኖራላችሁ። ክልከላው በዚህ ኤጀንሲ አስተዋዋቂነት የሠራችሁበትን ድርጅት ብቻ፣ ስሙም ተጠቅሶ፣ እንዲመለከት አስለውጡት። ይህን ለመለወጥ ፈቃደኛ የሚሆን ኤጀንሲ ብዙ ነው፣ ብቻ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው።

የክፍያውን አንቀጽም እዩት። "ድርጅቱ ለኤጀንሲው ሲከፍል ለባለሙያው ይከፈላል" የሚል ከሆነ የድርጅቱ መዘግየት ሁሉ በእናንተ ላይ ይወድቃል። ደረሰኝ ከቀረበ በኋላ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ የሚል ቁርጥ ያለ ቀን ይግባበት። በመሀል ሁለተኛ ኤጀንሲ ካለ ደግሞ ማን ለማን እንደሚከፍል በግልጽ ይጻፍ፣ የመጨረሻው ድርጅት ስምም በውሉ ላይ ይስፈር።