የፊልም ተዋጊዎችን በሚኒያቸር ሲቀቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሚሆን ሚኒያቸር (የጣት ያህል የሆነ የተቀረጸ ምስል) የሚቀባ ሰው ምስሎቹን የሚያገኘው ወይ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው፣ ወይ ባለ ሦስት አውታር ማተሚያ ካለው ወዳጅ። ስለዚህ አንድ ምስል ሲበላሽ ምትክ ቶሎ አይገኝም። የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ ምስሉን በቁመት ያነሰ ሰው አድርጎ ማሰብ። ቁመቱ 28 ሚሊሜትር የሆነ ወታደር ፊቱ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። በላዩ የሚያርፈው ብርሃን ግን አብሮት አላነሰም። በሲኒማ ካሜራው፣ መብራቱና የቀለም አስተካካዩ ተካፍለው የሚሠሩትን እዚህ ብሩሹ ብቻውን ይሠራዋል።

ቀለሙን ከስክሪን መቅዳት

የስህተቶች ሁሉ አለቃ ይህ ነው። ሰው ፊልሙን በሚወደው ትዕይንት ላይ ያቆምና ስልኩን ከጎኑ አስቀምጦ ያየውን ቀለም ይቀምማል። ስክሪኑ የሚያሳየው ግን የልብሱን ቀለም ብቻ አይደለም። በልብሱ ላይ ያረፈው መብራትና ከቀረጻ በኋላ በኮምፒውተር የተደረገው ማስተካከያም አብረው አሉበት። የሌሊት ትዕይንት ብዙ ጊዜ በሰማያዊ ብርሃን ይቀረጻል። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ ወዲህ የወጡ በርካታ የጀብዱ ፊልሞች ደግሞ ጥላውን ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ የሰውን ቆዳ ወደ ብርቱካናማ ይገፉታል። በዚህ መንገድ ግራጫው ካባ ሰማያዊ ሆኖ ይቀባል። ፊቱም ብርቱካናማ ይሆናል። ባለቤቱ ምስሉን በጠዋት ፀሐይ ሲያየው ምን እንደ ጎደለው አይገባውም።

መፍትሔው አልባሳቱ በኤግዚቢሽን ወይም በቀረጻ ቦታ በተራ የቀን ብርሃን የተነሡበትን ፎቶ መፈለግ ነው። የተገኘውን ቀለም ጥቂት አንጥተው ይጀምሩ፤ ቀለም በትንሽ ገጽ ላይ ሲሆን ጠቆር ብሎ ይታያል። የሌሊቱን ትዕይንት ራሱን የሚፈልግ ሰውም አለ፤ መብቱ ነው። እንዲህ ከሆነ ግን ሰማያዊው ብርሃን ፊቱን፣ ጫማውንም፣ የቆመበትን መሬትም እኩል ይንካው። ካባው ሌሊት ላይ፣ ሣሩ ቀትር ላይ የሆነ ምስል የትኛውንም ፊልም አይመስልም።

በነገራችን ላይ፣ ሌሊት በቢጫ አምፖል ሥር የተቀባ ምስል ጠዋት ሌላ ምስል ነው። መብራት በሄደ ጊዜ በሻማ የሚቀባ ካለ፣ ይተኛ።

ነጭን በነጭ፣ ጥቁርን በጥቁር መቀባት

ነጭ ጥሩር የለበሱ የጠፈር ወታደሮች ለጀማሪ ቀላል ይመስላሉ። ከሁሉም የሚያስቸግሩት ግን እነርሱ ናቸው። ገና ከመነሻው ንጹሕ ነጭ የቀባ ሰው ብርሃን የሚመታውን ጠርዝ በምን ሊያነጣው ነው? ከፈዛዛ ግራጫ ይነሡ፤ ንጹሑን ነጭ ለትከሻ አናትና ለራስ ቁር ጫፍ ያቆዩት። ጥቁርም እንደዚሁ ነው። ሰውነቱ በጣም በጠቆረ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ይሸፈንና ድፍኑ ጥቁር ለስንጥቆቹ ብቻ ይተዋል።

ወፍራም ቀለምና ከመጠን በላይ የቀጠነ ብሩሽ

አክሪሊክ፣ ማለትም በውሃ የሚቀጥነው ቀለም፣ ከጠርሙሱ እንደ ወጣ ሲቀባ የፊትን መስመር፣ የልብስን ስፌት ሁሉ ይደፍናል። ውሃ ጠብ አድርገው ያቅጥኑትና ሁለት ሦስት ጊዜ ይደርቡት፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይከተል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ቀለሙ ገና ሳህኑ ላይ እያለ ይደርቃል። ክዳን ያለው ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አንጥፈው፣ በላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አድርገው ቀለሙን እዚያ ላይ ቢያቀጥኑት ለሰዓታት ሳይደርቅ ይቆያል። ውሃውን ቶሎ ቶሎ ካልቀየሩት ግን ይሻግታል።

ብሩሽን በተመለከተ ሁሉም ሰው ከሱቅ የሚመርጠው በጣም ቀጭኑን ነው። ቀጭኑ ብሩሽ ግን ቀለም አይዝም። ምስሉ ጋ ሳይደርስ ጫፉ ላይ ይደርቃል። ጫፉ የሾለ ባለ 1 ቁጥር ብሩሽ አብዛኛውን ሥራ ይወጣዋል። ወርቅማና ብርማ ቀለም ያጠቡበትን ውሃ ለሌላ ቀለም አይጠቀሙበት፤ ብልጭታው ተመልሶ ፊት ላይ ይለጠፋል።

መሠረቱን መዝለል

በሬዚን (በብርሃን በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) የታተመ ምስል በአልኮል ካልታጠበና በአልትራቫዮሌት ብርሃን በደንብ ካልጠነከረ ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል፤ ቀለምም አይዝም። ያልጠነከረ ሬዚን ቆዳን ስለሚያስቆጣ ጓንት ያስፈልጋል። የባሕር ዳር ፀሐይ የማጠንከሩን ሥራ ያለ ዋጋ ትሠራለች። ውሎ ያደረ ምስል ግን ይደርቅና ሰይፉ በጣት ሲነካ ይሰበራል። የፕላስቲክ ምስል ከሆነ ከማምረቻው ቅርጽ የቀረበት የስፌት መስመር በምላጭ ጀርባ ይፋቅ።

ከዚያ የመጀመሪያው ቅብ ይከተላል። ለብረት በር የሚሸጠውን አንቲረስት በአኳራጅ አቅጥኖ የሚሞክር ሰው አይጠፋም። ይህ ዓይነቱ ቀለም የተሠራው ለበር ነው፤ ዝርዝሩን ሁሉ ይውጠዋል። የሚረጭ ቅብ ያለው ሰው በጠዋት ይርጨው። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ቀለሙ ምስሉ ላይ ሳያርፍ በአየር ላይ ያደርቀውና ገጹን ሻካራ ያደርገዋል።

የደነገጠ ዓይን

ጀማሪ ዓይንን ነጭ ቀብቶ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያደርጋል። ውጤቱ ጅብ ያየ ሰው ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ማየት ይበቃል። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች ጻድቃኑን ፊት ለፊት ከሁለት ዓይናቸው ጋር፣ ክፉዎቹን በጎን በአንድ ዓይን ይሥላሉ። የሁሉም ዓይን በጥቁር መስመር የታጠረ ስለሆነ ከሩቅ ይነበባል። ለሚኒያቸርም የሚሠራው ይኸው ነው። አስቀድሞ ጥቁር ቡናማ ይቀባል፤ በውስጡ ቀጭን፣ ንጹሕ ያልሆነ ነጭ ይገባል። ከዚያ ብሌኑ ከላይኛው እስከ ታችኛው ቆብ የሚደርስ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። የቆዳው ቀለም ከዓይኑ በኋላ ቢመጣ የተሳሳተውን ያርማል።

ብርሃኑን ጠርዙ ላይ ማድረግ

የሚያበራ ሰይፍ ሲቀባ ብዙዎች መሃሉን ደማቅ ቀይ፣ ጠርዙን ነጭ ያደርጋሉ። በፊልም ላይ የምናየው ግልባጩን ነው፤ ልቡ ነጭ፣ ዙሪያው ባለ ቀለም። ፊትና ደረት ላይ የሚያርፈው ነጸብራቅም ከሰይፉ መድመቅ የለበትም። ወደ ሰይፉ ያልዞረ ገጽ ደግሞ ምንም አይደርሰው።

ሁሉንም ማዛግ

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ስታር ዋርስ የጠፈር መርከብ ሊቆሽሽና ሊያረጅ እንደሚችል ለተመልካች አሳየ፤ የሞዴል ሠሪዎቹም ከታንክና ከአውሮፕላን መገጣጠሚያ ዕቃዎች የወሰዷቸውን ቁርጥራጮች በመርከቦቹ ላይ ለጥፈዋል። ከዚያ ወዲህ ቀቢዎች እርጅናን ይወዳሉ፤ አንዳንዶቹም ያገኙትን ሁሉ ያዝጋሉ። ፕላስቲክ የሚመስለው ነጭ ጥሩር ይጫራል እንጂ አይዝግም። ዝገት ለብረት ሰይፍና ለሰንሰለት ልብስ ይቆይ። ጭቃም ከእግር ይጀምራል፤ በክረምት በመረሬ መሬት ላይ የሄደ ሰው ሱሪውን ይመልከትና ያንኑ ይቀባ። ትከሻ ላይ ጭቃ ካለ ወታደሩ ወድቆ ነበር ማለት ነው፤ እንዲያ ከሆነ ጉልበቱም ይመስክር።

መሬቱን እንዳገኙት መለጠፍ

ከግንባታ ቦታ የሚገኘው ሬድ አሽ ለባዕድ ፕላኔት መሬት ከምንም ይስማማል። ግን በወንፊት ይነፋ። በ28 ሚሊሜትር ምስል መጠን 5 ሚሊሜትር የሆነ ጠጠር 28 ሴንቲሜትር ያህል ድንጋይ ነው። ቀለሙም የተፈጥሮ ነው ተብሎ አይተው፤ ከተቀባ ምስል አጠገብ ያልተቀባ ድንጋይ ሐሰተኛ ይመስላል። የባዕድ ዓለም ዕፅዋት የሚፈልግ ደግሞ የእምቦጭ ሥር አለለት። ሥሩን ብቻ ወስደው በደንብ ያድርቁትና በውሃ የቀጠነ ኮላ ያጠጡት፤ አለበለዚያ ይበሰብሳል። አበባውን ከሐይቁ ዳር ይዘው አይሂዱ። ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ ጣና ላይ ያደረሰው ለሌላ ውሃ አይትረፍ።

በዝናብ ቫርኒሽ መርጨት

ሐምሌና ነሐሴ ላይ እርጥበቱ ሲበዛ የሚረጨው ማት (የማያንጸባርቅ) ቫርኒሽ ጭጋግ የመሰለ ነጭ ገጽ ያወጣል፤ የተለፋበት ጥቁር ሁሉ አመድ ይሆናል። በክረምት የጨረሰ ሰው በብሩሽ የሚቀባ ቫርኒሽ ይጠቀም፣ ወይም ምስሎቹን በካርቶን ሸፍኖ መስከረምን ይጠብቅ። ነጩ ገጽ ቀድሞ ከወጣ ደግሞ ምስሉን አይፋቁት። አየሩ ሲደርቅ ስስ አንጸባራቂ ቫርኒሽ በብሩሽ ይደርቡበት። ብዙ ጊዜ ቀለሙ ይመለሳል። ማቱን ከፈለጉ ከዚያ በኋላ በላዩ ይደገማል።