ውሻዎ ሌሊት ቢታመም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ውሻ የግቢ ዘበኛ ነው፣ ድመት የአይጥ ጠላት። ደህና እስከሆኑ ድረስ የሚያስታውሳቸው የለም፤ የታመሙ ዕለት ግን ቤተሰቡ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ ወተት ይዞ ይመጣል፣ ሌላው የራስ ምታት ክኒን፣ ጎረቤት ደግሞ የቡና ዱቄት። በቅን ልቦና የሚደረገው ይህ ርብርብ ብዙ ጊዜ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

«አጥንት አንቆታል» ብሎ እጅን አፉ ውስጥ መክተት

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ውሻ አገጩ ወርዶ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ መዋጥ ሲያቅተው አጥንት ያነቀው ይመስላል። አንዳንዴም እውነት ነው። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ የመንጋጋና የጉሮሮ ጡንቻን ሽባ ሲያደርግ የሚታየው ምልክት ይኸው ነው። ያበደ ውሻ ሁሉ እየሮጠ አይናከስም፤ ጥግ ይዞ ዝም የሚልም አለ፣ ሰው የሚታለለውም በእርሱ ነው። ቫይረሱ በምራቁ ውስጥ ስላለ በጣት ላይ ያለች ጭረት ትበቃዋለች።

ስለዚህ ውሻው ካልተከተበ ወይም መከተቡ ካልታወቀ እጅዎን ይሰብስቡ፤ ልጆችን ያርቁ፣ ውሻውን ይዝጉበትና ባለሙያ ይጥሩ። ከነከሰዎ ወይም ምራቁ ቁስል ከነካ ቦታውን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። ሥር ጠጥቶ ውጤቱን መጠበቅ በሕይወት መቀለድ ነው፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ በሽታው ከሞት አይመለስም ማለት ይቻላል። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ቢመስልም ታስሮ ለ10 ቀን መታየት አለበት። የእርስዎ ክትባት ግን የእርሱን 10 ቀን አይጠብቅም።

ለመርዝ ወተት ማጠጣት

ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለውን እምነት ከሰው ማላቀቅ ከባድ ነው። አያረክስም። ይልቁንም በሚንቀጠቀጥ እንስሳ ጉሮሮ በግድ የተንቆረቆረ ወተት ወደ ሳንባ ይገባል። በጨው ማስመለስም የባሰ ነው፤ ብዙ ጨው ራሱ ይመርዛል።

የአይጥ መርዝ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ውሻው ለሁለት ሦስት ቀን ደህና መስሎ ይቆይና ከዚያ ድዱ ይገረጣል፣ በአፍንጫው ይደማል። ለዚህ ማርከሻ አለው፤ ቫይታሚን ኬ ነው። ሌላው ዓይነት፣ ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው፣ ሆድ ውስጥ የሚፈጥረው ጋዝ ከትውከቱ ጋር ስለሚወጣ ለሰውም አደገኛ ነውና በርና መስኮት ይክፈቱ። ሐኪሙ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ፣ ካልሆነም በስልክ ፎቶ ያንሱት። መርዝ መዋጡን ካዩ ደግሞ ምልክት እስኪመጣ አይጠብቁ።

ለሰብል የተገዛ ፀረ ተባይ ለቁንጫ መርጨትም እዚሁ ይመደባል። ለሃጭ፣ መንቀጥቀጥና የዓይን ብሌን መጥበብ ከታዩ እጅዎን በላስቲክ ሸፍነው በሳሙና ያጥቡትና ወዲያው ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

የሰውን መድኃኒት መስጠት

ባጭሩ፦ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፣ አንድ ክኒን እንኳ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ።

የሚደማ ቁስል ላይ ቡና መነስነስ

ጅማ ተቀምጦ ቡናን ማማት ደፋርነት ነው፤ ግን ዱቄቱ ቁስል ከማቆሸሽ በቀር አይረባም። ንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገው ቢያንስ ለ5 ደቂቃ ሳይገልጡ ይያዙ። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ይደርቡበት እንጂ የፊተኛውን አያንሱ። የቡናውን አተላም ቡችላ በሚደርስበት ቦታ አይድፉ፤ ካፌይኑ ልቡን ያስሮጠዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል።

«እስኪነጋ እንየው» ማለት

ወንድ ድመት ለመሽናት ደጋግሞ ሲያምጥ ድርቀት ነው ተብሎ ዘይት ይሰጠዋል። የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ከሆነ ግን በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። ሆዱ ተነፍቶ እያቅለሸለሸው ምንም የማያስመልስ ትልቅ ውሻም ጨጓራው ተጠማዝዞ ሊሆን ስለሚችል በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ያልተከተበ ቡችላ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የነጣ ወይም የጠቆረ ሰማያዊ ድድ፣ ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየ መንፈራገጥ፤ እነዚህም ለነገ አይባሉም።

የነጣውን ለመለየት ደህናውን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ቀን ከሰዓት ቁጭ ብለው የውሻዎን ድድ በጣት ይጫኑ፤ ሲለቁት በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝነቱ መመለስ አለበት። ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ይቁጠሩ፤ በደቂቃ ከ10 እስከ 30 ደህና ነው። ሚዛን ላይ አቅፈውት ይውጡና የራስዎን ክብደት ይቀንሱ፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላው በዚህ ነው።

ሐኪም መፈለግን ለጭንቁ ሰዓት መተው

ከተማችን የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የእንስሳት ሐኪም አታጣም። ነገር ግን አብዛኛው ክሊኒክ የለመደው ከብት፣ በግና በቅሎ ነው። በደህና ቀን ሄደው ይጠይቁ፦ ውሻና ድመት ታያላችሁ? ሌሊትና በበዓል ስልክ የሚያነሳ ማን ነው? ቫይታሚን ኬ አላችሁ? መልሱ «የለም» ከሆነ ያንን ዛሬ መስማት ይሻላል።

ቀጥሎ ባጃጅ ነው። ውሻ ለመጫን የሚስማማ ሹፌር፣ ያውም በክረምት ዝናብ፣ በቀላሉ አይገኝም፤ አስቀድመው ይነጋገሩና ስልኩን ከሐኪሙ ስልክ ጋር በር ላይ ይለጥፉ። የተጎዳ ውሻ ባለቤቱንም ይነክሳል፣ ስለዚህ አፉን በሻሽ ያስሩ፤ የሚያስመልሰውን ወይም ትንፋሽ ያጠረውን ግን በፍጹም አያስሩ። ጀርባው የተመታ ከመሰለዎ በጣውላ ላይ አጋድመው ያንሱት። ለድመት ቀዳዳ ያለው ካርቶን ይበቃል። የክትባት ካርዱንም አይርሱ፤ ሐኪሙ ከመንካቱ በፊት የሚጠይቀው እርሱን ነው።