ለዕቃ ግዢ ወደ ዪዉ ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ዪዉ በቻይና መለኪያ መካከለኛ ከተማ ናት፤ የእኛ አገር አስመጪዎች ግን ስሟን አሳምረው ያውቁታል። የዓለም አቀፍ ንግድ ገበያዋ ነባሮቹ አምስት ክፍሎች ብቻ 75 ሺህ ያህል ሱቆችን ይዘዋል። በእያንዳንዱ ሱቅ ሦስት ሦስት ደቂቃ እየቆሙ በቀን ስምንት ሰዓት ቢዞሩ ሁሉንም ለማዳረስ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅብዎታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ነጋዴ ግን የሚይዘው የአንድ ወይም የሁለት ሳምንት ጊዜ ነው፤ ከዚያም ላይ ብዙው ቀን ከቦሌ ከመነሳቱ በፊት ሊያልቅ በሚችል ጉዳይ ሲባክን ደጋግሜ ስላየሁ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

የቻይናን አዲስ ዓመት ሳያጣሩ ትኬት መቁረጥ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። በዓሉ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚከበር ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በ2018 ዓ.ም. የካቲት 10፣ በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ጥር 29 ቀን ነው። በዚህ ሰሞን ገበያው ለሁለት ሳምንት ገደማ ይዘጋል። ይህን የሰሙ ሰዎች «እንግዲያው ከበዓሉ አሥር ቀን ቀድሜ ደርሼ እመለሳለሁ» ይላሉ፤ ትልቁን ጉዳት የሚያመጣውም ይኸው አሳብ ነው። ፋብሪካዎቹ ሥራ የሚያቆሙት ከገበያው ቀድመው ነው፤ ሠራተኞቻቸው ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጡ በመሆናቸው ለበዓሉ ወደየቤተሰቦቻቸው ለመድረስ በጊዜ ይሳፈራሉ። ስለዚህ ሱቁን ክፍት ያገኙታል፤ ባለሱቋ ሻይ ቀድታ ትቀበልዎታለች፤ ዋጋውን በካልኩሌተር ጽፋ ታሳይዎታለች፤ ትዕዛዝዎን መዝግባ ቀብድዎን ትቀበላለች። ዕቃው መመረት የሚጀምረው ግን ከበዓሉ በኋላ ነው። ያውም በማግሥቱ አይደለም፤ ብዙ ፋብሪካዎች ሠራተኛቸው ተሟልቶ የሚመለሰው አዲሱ ዓመት በገባ በ15ኛው ቀን የሚከበረው የፋኖስ በዓል ካለፈ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም የተጠራቀመ ትዕዛዝ ይጠብቃቸዋል።

በዚህ ላይ ዕቃው ኒንግቦ ወደብ ደርሶ መርከብ ላይ እስኪጫን፣ ጅቡቲ ደርሶ እስኪራገፍና አዲስ አበባ እስኪገባ ያለውን ጊዜ ይደምሩበት። ለፋሲካ ገበያ ያዘዘችው የሕፃናት የፀጉር ጌጥና የበዓል ልብስ ዳግማዊ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ጅቡቲ የደረሰባት ነጋዴ አውቃለሁ። ያን ገንዘብ እስከሚቀጥለው ዓመት አስራ ለመቀመጥ የተገደደችው ዕቃው ተበላሽቶባት አይደለም፤ የበረራዋን ቀን ስትመርጥ የቻይናን የበዓል ቀን የጠየቀላት ሰው ስላልነበረ ነው። እባክዎ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት አቅራቢዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ፋብሪካው የመጨረሻውን ትዕዛዝ የሚቀበለው መቼ ነው? በእኔ እምነት ለግዢ የሚመቹት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እንዲሁም ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ያሉት ጊዜያት ናቸው። ከመስከረም 21 ጀምሮ ያለው የቻይና ብሔራዊ በዓል ሳምንትም ባቡሩንና ሆቴሉን ስለሚያጨናንቅ ቢያልፉት ይሻላል።

ስልክን ሳያዘጋጁ መብረር

ጉግል፣ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ በቻይና ኢንተርኔት አይከፈቱም። ዊቻትን (የመልእክትና የክፍያ መተግበሪያ)፣ አሊፔይን (የክፍያ መተግበሪያ)፣ ጋኦዴ የተባለውን ካርታና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መተርጐሚያ እዚሁ ጭነው፣ በፓስፖርትዎ ተመዝግበው፣ ሞክረዋቸው ይሂዱ። አሊፔይና ዊቻት የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ ይቀበላሉ፤ ከ200 ዩዋን በላይ በሆነ ክፍያ ላይ ግን 3 በመቶ ይታሰብብዎታል። ሰዎች የሚዘነጉት አንድ ጉዳይ አለ፦ ባንክዎ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው በኢትዮጵያ ስልክዎ ነው። ሮሚንግ (የኢትዮጵያ ቁጥርዎ በውጭ አገር እንዲሠራ የሚያደርገውን አገልግሎት) ሳያስከፍቱ ከሄዱ ቁጥሩ አይደርስዎትም፤ ካርድዎ ገንዘብ እያለበትም ላይሠራ ይችላል። ለማንኛውም ጥቂት ጥሬ ዩዋን በትናንሽ ኖቶች ይያዙ። ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዘው ከገቡ ለጉምሩክ ማስታወቅ ግዴታዎ ነው።

ቪዛን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። በየመገናኛ ብዙኃኑ የሚወራው የ240 ሰዓት ያለ ቪዛ ማለፊያ የኢትዮጵያን ፓስፖርት አይጨምርም፤ ለንግድ የሚሄድ ሰው የግብዣ ደብዳቤ አስይዞ የንግድ ቪዛ ያውጣ።

የሻንጋይን ስፋት አለመገመት

ወደ ዪዉ የሚሄዱት በሻንጋይ በኩል ከሆነ ይህን ልብ ይበሉ፦ የፑዶንግ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ሲሆን፣ የዪዉ ፈጣን ባቡር የሚነሳበት የሆንግቻኦ ጣቢያ በስተ ምዕራብ ነው። በ2 ቁጥር ሜትሮ መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተከፈተው የአውሮፕላን ማረፊያዎች ማገናኛ ባቡር ይህን ጊዜ ከግማሽ በላይ አሳጥሮታል። ቢሆንም የኢሚግሬሽን ሰልፍ፣ ሻንጣና የጣቢያው ፍተሻ ስላለ፣ ካረፉ በኋላ ከአራት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚነሳ ባቡር አይቁረጡ። የባቡር ትኬት የሚቆረጠው በፓስፖርት ቁጥር ነው። ፓስፖርትዎን በቅርቡ አሳድሰው ከሆነ ኤጀንትዎ (ግዢውንና ጭነቱን እዚያ የሚከታተልልዎ ወኪል) ዘንድ ያለው የአሮጌው ቅጂ እንዳይሆን ያረጋግጡ፤ በዚህ ምክንያት ባቡሩ ጥሎት ሄዶ ሌላ ትኬት ለመቁረጥ ረጅም ሰልፍ የተሰለፈ ሰው አይቻለሁ።

ወዳጅ ቤት ማረፍ ከፈለጉ በ24 ሰዓት ውስጥ በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ መመዝገብ እንዳለብዎ አይርሱ፤ ሆቴል ካረፉ ምዝገባውን ሆቴሉ ራሱ ይፈጽምልዎታል።

ዕቃውን ፎቶ አንሥቶ የሱቁን ቁጥር መተው

አዲስ ነጋዴዎች በዚህ ሲቸገሩ ሳይ ከልቤ አዝንላቸዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ በጉጉት ሲዞሩ ውለው ማታ ሆቴል ሲገቡ ስልካቸው ውስጥ ሦስት መቶ ፎቶ አለ፤ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ሱቅ እንደሆነ ግን አይታወቅም። መጀመሪያ የሱቁን ቢዝነስ ካርድ ከነቁጥሩ ያንሡ፤ ቀጥሎ ዕቃውን ያንሡ፤ በመጨረሻም ባለሱቋ የጻፈችልዎትን ወረቀት ያንሡ። በዚያ ወረቀት ላይ አራት ነገሮች መኖር አለባቸው፦ የአንዱ ዋጋ፣ በካርቶን ውስጥ ያለው ብዛት፣ የካርቶኑ ክብደትና ኩቢክ ሜትሩ። ብዙዎች ዋጋውን ብቻ ይዘው ይወጣሉ፤ የጭነቱን ሒሳብ የሚወስነው ግን ኩቢክ ሜትሩ ነው። ርካሽ የመሰለ ፕላስቲክ ኮንቴይነሩን ሞልቶ ሌላውን ዕቃ ያስቀራል።

በየትኛው ክፍል ምን እንደሚሸጥም አስቀድመው ይወቁ። መጫወቻ፣ ሰው ሠራሽ አበባና የፀጉር ጌጥ በአንደኛው ክፍል፣ ቦርሳ፣ ጃንጥላና የእጅ መሣሪያ በሁለተኛው፣ የጽሕፈት መሣሪያና ኮስሞቲክስ በሦስተኛው፣ ካልሲና ፎጣ በአራተኛው፣ የአልጋ ልብስና የመኪና ጌጣጌጥ በአምስተኛው ይገኛሉ። ለአንድ ቀን አንድ ክፍል ብቻ ይመድቡ። ገበያው የሚከፈተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ሲሆን ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። አቅራቢ በመልእክት «10 ሰዓት» ብሎ ከጻፈልዎ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለቱ ነው።

በጾም ወቅት የሚሄዱ ምእመናን፣ ሥጋ፣ የአሳማ ስብ፣ የሥጋ መረቅ፣ እንቁላልና ወተት እንደማይበሉ በቻይንኛ አስጽፈው በስልካቸው ይያዙ፤ «አትክልት ብቻ» ማለት በቂ አይደለም፤ ጐመኑ በስብ ሊጠበስ ይችላልና። ሙስሊም ተጓዦች ግን በዪዉ ብዙ ሐላል ምግብ ቤቶች ስለሚያገኙ በዚህ አይቸገሩም።

መመለሻን ከግዢው ማግሥት ማድረግ

መጨረሻ ላይ ሁለት ነፃ ቀናት ይተዉ። ከክምችት የገዙት ዕቃ ወደ ኤጀንትዎ መጋዘን የሚገባው በእነዚህ ቀናት ነው፤ ቀሪውን ክፍያ ከመክፈልዎ በፊትም ሄደው ያዩታል። ገና የሚመረት ከሆነ ደግሞ ኤጀንትዎ ካርቶኖቹን ሲከፍት በቪዲዮ እንዲያሳይዎ ከአሁኑ በጽሑፍ ይዋዋሉ። መጋዘን ሲገቡ ከላይ የተደረደረውን ካርቶን አይክፈቱ፤ ከመካከልና ከሥር አስወጥተው፣ ከናሙናው ጋር ጐን ለጐን አድርገው፣ ቀለሙን፣ ስፌቱንና ብዛቱን ራስዎ ይቁጠሩ።