ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) ሲቀነስ የትኛው ሰርቨር ይውጣ?

ሲፒዩው ስራ ፈትቷል ብላችሁ ሰርቨሩን ቶሎ አታጥፉት። መጀመሪያ ምን እንደያዘ እዩ። ዳታ የማያስቀምጡት፣ ጥያቄ ተቀብለው መልስ ብቻ የሚሰጡት፣ ቀድመው ይውጡ። እነሱ ላይ ብዙ አትጨነቁ።

ዳታ የያዙት ላይ ግን ረጋ በሉ። ኤችዲኤፍኤስ (ፋይልን ቆራርጦ በብዙ ሰርቨር ላይ የሚያስቀምጥ ሲስተም) ቅንብሩ ካልተቀየረ በስተቀር እያንዳንዱን ብሎክ (የፋይል ቁራጭ) በ3 ቅጂ ያስቀምጣል፤ 3 ሰርቨር ባንዴ ካጠፋችሁ ሦስቱም ቅጂ እነሱ ላይ ብቻ የነበረ ብሎክ ሊኖር ይችላል፣ እሱ እንግዲህ አለቀለት። ስለዚህ ዲኮሚሽን አድርጉና (ሰርቨሩ ሊወጣ ነው ብላችሁ ለሲስተሙ ንገሩና) ዳታው ወደሌሎቹ ተገልብጦ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ይቆያል ግን ሌላ መንገድ የለውም። ኢቲሲዲ (አባላቱ በድምፅ ብልጫ የሚወስኑበት፣ የክላስተር ቅንብር የሚይዝ ዳታቤዝ) ከሆነ ድምፅ ቁጠሩ፦ ከ5 አባላት 3ቱ መኖር አለባቸው። ስትቀንሱ አንድ በአንድ ከአባልነት አስወጡ እንጂ ማሽኑን ዝም ብላችሁ አትንቀሉ።

ከዚያ ዞኖቹን (ሰርቨሮቹ ተከፋፍለው የተቀመጡባቸውን ቦታዎች) አመጣጥኑ፤ ብዙ ሰርቨር ካለበት ዞን ቀንሱ። እኩል ከሆኑ አሮጌው ወይም ዲስኩ ማስቸገር የጀመረው ይሂድ።

ኩበርኔትስ (ፕሮግራሞችን በሰርቨሮች ላይ የሚያከፋፍል ሲስተም) ላይ መጀመሪያ ኮርደን (አዲስ ሥራ እንዳይመጣበት መዝጋት)፣ ቀጥሎ ድሬን (ያለውን ሥራ ማስወጣት)። አውቶስኬለሩ (ሰርቨር በራሱ የሚጨምረውና የሚቀንሰው) ይመርጥልኛል ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሚያየው ፖዶቹ (ሰርቨሩ ላይ የሚሠሩት ፕሮግራሞች) የጠየቁትን ሲፒዩና ሜሞሪ ነው፣ በትክክል የሚጠቀሙትን አይደለም። ጥያቄውን አጋንናችሁ ከጻፋችሁ ባዶ የሚመስለውን ሰርቨር ሁሉ ሥራ በዝቶበታል ብሎ ይተወዋል።